ምክርም መዝገብ ይፈልጋል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት መሆኑን እናውቃለን። እሱ በወረቀት ታድሏችኋል። ዛሬ የምንናገረው በየትኛውም ዓምድ ስላልተመዘገበ ነገር ነው፤ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ወጣት ሐኪሞች ማግኘት ስላለባቸው ምክር።

ጉዳዩ የእኛንም ቤት ይነካል። ከመካከላችን የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የምናሳድግ አለን። ባለቤታችንን ስትሮክ መትቶት የምናስታምም አለን። ልጁ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ የሚያሸተው ጎረቤት አይጠፋም፤ ‹‹ሐኪም አይቶታል ወይ?›› የሚል ግን ጥቂት ነው። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተመራው የቡታጅራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በእኛ አቆጣጠር 10,000 ሰው በሚኖርበት ቦታ 52 ሰው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ፣ በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመምተኞች ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ያንን ምርመራ የሚያደርገውና ለሌሎች የሚያስተምረው ሐኪም ግን በአንድ ጀምበር አይደርስም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት። ስለዚህ መንገዱን ያሳዩ ዘንድ ቀድመው የሄዱ ታላላቆች ገና ጥቂት ናቸው። ሙያው ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ አይለቀምም። ጉልበትን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ፣ ዓይንን በባትሪ አይቶ፣ የበሽተኛውን አረማመድ ተመልክቶ፣ ጉዳቱ ከአንጎል ይሁን፣ ከኅብለ ሰረሰር ወይም ከእግር ነርቭ መለየት የሚለመደው ከሚያውቅ ሰው አጠገብ በመቆም ነው።

ማኅበራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የደገፋት አንዲት ልጃችን ዛሬ የዚህ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። ስሟን አንጠራም፤ ያለችንን ግን በፈቃዷ እንናገራለን። ‹‹እናቶቼ፣ ስለ በሽተኛው የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አንቺስ ወዴት ነው የምትሄጂው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም›› አለችን። ስትመረቅ ስፖንሰር ወዳደረጋት ክልል ትመለሳለች። እዚያ በሙያው ብቻዋን ልትሆን ትችላለች፤ በሌሊት ግራ የሚያጋባ በሽተኛ ቢመጣ ማንን ትጠይቅ? ለሚጥል በሽታ የሚያስፈልገውን የኢኢጂ ንባብ ጠልቃ ትማር ወይስ ስትሮክ ላይ ትበርታ? የመመረቂያ ጥናቷን በምን ላይ ትሥራ? መቼስ ትውለድ? መልስ ስታጣ ወደ ሌላ ዘርፍ ለመዛወር ማሰብ ጀምራለች።

አስተማሪዎቿ ደግ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሽተኛው ተሰልፎ፣ ተማሪው በዝቶ፣ ምክሩ ለትርፍ ሰዓት ይተዋል፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የለም። እኛ የሂሳብ ሰዎች እንደምናውቀው፣ በጀት ያልተያዘለት ሥራ ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሠራ ይገኛል።

ብድር ስንሰጥ የምናደርገውን አስታውሱ። ለአዲስ ተበዳሪ ገንዘቡን ብቻ አንሰጥም፤ ቀድማ የነገደች እህት በስም እንመድብላታለን፣ የሚገናኙበትን ቀን እንጽፋለን፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ‹‹ስትቸገሪ ደውዪልኝ›› የተባለች ይሉኝታ ይዟት አትደውልም። ‹‹ሐሙስ በ11 ሰዓት እጠብቅሻለሁ›› የተባለች ግን ትመጣለች።

ለሬዚደንቶችም እንዲሁ ቢሆን እንላለን። መጀመሪያ፣ እያንዳንዷ ሬዚደንት በስም የታወቀ አማካሪ ይኑራት። አማካሪው ማርክ የሚሰጣት ሰው ባይሆን ይሻላል፤ ድካሟን ለፈታኟ የምትናገር ተማሪ የለችምና። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ሰዓት ከተረኝነቱ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመደብ። ሦስተኛ፣ ሁሉንም ከአንድ ሰው አንጠብቅ። የምርመራ ጥበቡን አንዱ፣ ጥናቱን ሌላው፣ ልጅ እያሳደጉ ተረኛ ማደርን ደግሞ ያለፈችበት ሴት ሐኪም ታሳይ። በዓመቱ መጨረሻ ሬዚደንቷ በአንድ ገጽ ምን እንደተማረች፣ ምን እንደቀራትና ወዴት እንደምታመራ ጽፋ ከአማካሪዋ ጋር ትየው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ደጋፊዎቻችን፣ በክልል ከተሞች የሚሠሩ ተመራቂዎች ለምክር የሚያወጡትን የስልክና የትራንስፖርት ወጪ ሸፍኑልን። እናቶችና እህቶች፣ እናት የሆነች ሬዚደንት ተረኛ በምታድርበት ሌሊት ልጇን በተራ እንጠብቅላት። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ለእናንተ ለሬዚደንቶች ደግሞ አንድ ቃል አለን። እቁብ የደረሰው ሰው መጣሉን አያቆምም፤ ካቆመ እቁቡ ይፈርሳል። ምክርም እንደዚያው ነው። ከላይ የተቀበላችሁትን ከእናንተ በኋላ ለገባችው ጣሉ። ‹‹ገና ተማሪ ነኝ›› አትበሉ፤ ትናንት የገባችው ልጅ ከፕሮፌሰሩ ይልቅ እናንተን ለመጠየቅ ትደፍራለች።

መዝገቡን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አድርገነዋል። ስም፣ ቀንና ሰዓት የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። ብር ያላችሁ በብር፣ ሰዓት ያላችሁ በሰዓት ተመዝገቡ። በሚቀጥለው ጉባኤ የገንዘቡን ሂሳብ እንደምናቀርብ ሁሉ የሰዓቱንም እናቀርባለን።