የሲጋራ ማጣሪያ ምን ያጣራል?

ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

እንደ ልማዳችን ቀስ ብለን እንሂድ። ያልገባችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ ጣታችሁን እዚያው ላይ አድርጋችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

እኔ በባሕር ዳር ከተማ፣ በግሽ አባይ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ አባቶችንና እናቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ስሕተቴን ለማረም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማታው ክፍል አንድ ዓሣ አጥማጅ አሉ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይስተካከላል። ጣና ላይ በታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያበቃ ከኪሳቸው ሲጋራ አወጡና ጫፉን አሳዩኝ።

«መምህር፣ ይህ ነጩ ነገር መርዙን ያስቀረዋል ይላሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

እኔ ለመሄድ ቸኩዬ ነበር። «ሳይሻል አይቀርም፣ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ሳላቸው በርትቶ አየሁ። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ። «ድሮ በቀን 5 ፍሬ ነበር የማጨሰው። አንተ ይሻላል ካልከኝ ወዲህ 10 አደረስኩት። መርዙ ከቀረ ምን ቸገረኝ ብዬ ነዋ!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳያውቅ የሚመልስ መምህር ጨርሶ ከማይመልሰው የባሰ ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁትን ዛሬ ልንገራችሁ።

በጭሱ ውስጥ ምን አለ?

ትምባሆ ሲቃጠል በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ የሆኑ የኬሚካል ዓይነቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ሁሉንም መቁጠር አያስፈልገንም። ሦስቱን ብቻ እንያዝ።

አንደኛው ኒኮቲን ነው። ሱስ የሚያስይዘው እሱ ነው። ሰው ጠዋት ገና ሳይነጋ ሲጋራ የሚፈልገው ኒኮቲን ስለሚጠራው ነው።

ሁለተኛው ታር ይባላል። ታር እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ነው። በማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ታውቁት የለም? ታርም በሳንባ ውስጥ እንደዚያ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ሲሞቱ ሰምታችኋል። የገደላቸው ይኸው ነው። ወደ ደም ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዝበታል። ልብም ትደክማለች።

ማ-ጣ-ሪ-ያ

አሁን ቃሉን እናንብብ። ማ-ጣ-ሪ-ያ። ማጣሪያ። በገበያ ፊልተር የምንለው ነው።

ፊልተር ጥጥ ይመስላል እንጂ ጥጥ አይደለም። ከእንጨት የሚገኘውን ጭረት በኬሚካል ለውጠው የሚሠሩት የፕላስቲክ ክር ነው። ታዲያ ምንም አይዝም ወይ? ይይዛል። ከታሩ የተወሰነውን ይይዛል። ግን የሚያልፈው ብዙ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አየር ስለ ሆነ በክሩ መካከል ሾልኮ ይገባል።

እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ጠላ በማጥለያ ሲጠለል አተላው ይቀራል። ስካሩስ ይቀራል? አይቀርም! ከጠላው ጋር አብሮ ይወርዳል። አጥማጆችም ያውቁታል። መረብ ዓሣውን ይይዛል፣ ውሃውን ግን አይዝም።

«ታዲያ ፊልተሩ ለምን ይቡራል? መርዙን ስለ ያዘ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በ1953 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያ የሚሠራ ኬሚስት አንድ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። የፊልተሩ መልክ በጭሱ እንዲለወጥ ቢደረግ አጫሹ ሥራውን የሠራ ይመስለዋል የሚል ነበር። እንግዲህ መልኩ መለወጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በፊልተር ላይ የደረሰ ሌላም ጉድ አለ። በአሜሪካ ኬንት የሚባል ሲጋራ ነበር። ከ1952 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ በፊልተሩ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል የድንጋይ ጭረት ነበረበት። ከሁሉ የተሻለ ጥበቃ ያደርጋል ተብሎም በማስታወቂያ ተነገረለት። አስቤስቶስ ግን ራሱ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ይህን ፊልተር በሚሠራ ፋብሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. ስለ ነበሩ 33 ወንዶች ኋላ ጥናት ተደረገ። 28ቱ ሞተው ተገኙ። በተለመደው ቢሆን የሚሞቱት 8 ያህል ነበሩ። ከጅብ ለመዳን ወደ ነብር ዋሻ መግባት ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ «ቀላል ሲጋራ» የሚባል መጣ። በፊልተሩ ዙሪያ በዓይን የማይለዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ አየር ገብቶ ጭሱን ያቀጥነዋል። ሰው ግን ማሽን አይደለም። ኒኮቲኑ ሲያንስበት አጥብቆ ይስባል፣ ወደ ውስጥም ያስገባል። ጣቱም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስለዚህ መርዙ ወደ ሳንባው ጥልቅ ይገባል እንጂ አይቀንስለትም።

ጋያስ? ውሃውስ?

አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኛ በጋያ ነው የምናጨሰው፣ ጭሱን ውሃው ያጥበዋል» ይላሉ። ውሃው ጭሱን ያበርደዋል፣ እውነት ነው። ጉሮሮ አያቃጥልም። ግን አላጠበውም። ኒኮቲኑም ታሩም ካርቦን ሞኖክሳይዱም ያልፋሉ። ሺሻም እንደዚሁ ነው። እንዲያውም ጭሱ ስለማያቃጥል ሰው ብዙ ይስባል።

ትምባሆ በሌላ ቢተካስ?

ሳይንቲስቶች ይህንንም ሞክረዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሰላጣ ቅጠል የተሠራ ሲጋራ ተሸጧል። አዎ፣ የምንበላው ሰላጣ! በብሪታንያ ደግሞ ሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ከእንጨት ጭረት የትምባሆ ምትክ ሠሩ። በሐምሌ 1977 እ.ኤ.አ. ከትምባሆ ጋር ደባልቀው ለገበያ አወጡት። ሕዝቡ ግን ጣዕሙን አልወደደውም። ሐኪሞችም አላመኑበትም። ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ሐኪሞቹ ለምን አላመኑም? ምክንያቱ ቀላል ነው። የባሕር ዛፍ ቢሆን፣ ኩበት ቢሆን፣ ሰላጣ ቢሆን፣ የሚቃጠል ሁሉ ይጨሳል። ጭስ ካለ ታርም ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ። ሳንባ የተፈጠረው ለአየር ነው።

አሁን ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አለ። አይቃጠልም፣ ግን በብዛት ኒኮቲን አለበት። ስለዚህ ያልጀመረውን ወጣት ሱስ ያስይዘዋል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻ እንዳይሸጡ ተከልክሏል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ መሸጥም ክልክል ነው።

የሚረዳ ምትክም አለ። አንዱ የኒኮቲን ማስቲካ ነው። የተፈለሰፈው በስዊድን አገር ነው። ሐሳቡ የመጣው ከባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ነበር። በመርከቡ ውስጥ ማጨስ ስለማይችሉ ትምባሆ በአፋቸው ይይዙ ነበር። ማስቲካው ለሱሱ ጥቂት ኒኮቲን ይሰጣል፤ ጭስ ግን የለውም። መጠኑ በየጊዜው እየተቀነሰ ሰውዬው ሲጋራውን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን በዋና ዋና መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ማጨስ መተው የሚፈልግ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያማክር። ያለ ማስቲካ የተዉም ብዙ ናቸው።

የጣና ነገር

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሲጋራው ሲያልቅ ቁራጩ ወዴት ይጣላል? መንገድ ላይ። ከዚያስ? ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። ፕላስቲክ ስለ ሆነ ቶሎ አይበሰብስም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ነበር። የ1 ሲጋራ ቁራጭ የተዘፈዘፈበት 1 ሊትር ውሃ ከገቡበት ዓሣዎች ግማሹን በ4 ቀን ውስጥ ገደለ። እንግዲህ አስቡት! ከዓሣ እንጀራ የሚበላ ሰው የእንጀራውን ምንጭ በገዛ እጁ ሲመርዝ።

ስሕተቴን ማረሜ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ማታ በክፍሉ ሁሉ ፊት ቆሜ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ያልኳችሁ ስሕተት ነበር፤ ይቅርታ» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የማጥለያውን ምሳሌ ነገርኳቸው። እናቶች ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳላቸው መጣባቸው።

በማግስቱ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ይዘው መጡ። የሲጋራ ፓኮ ፊትና ኋላው ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲኖረው በዚያው አዋጅ ታዟል። ጣታቸውን ከጽሑፉ ሥር አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት። ጊዜ ወሰደባቸው። ማንም አልረዳቸውም። ሲጨርሱ ቀና አሉና «ለካ ነገሩ እዚሁ ተጽፎ ኖሯል! ስንት ዓመት በኪሴ ይዤው ስዞር» አሉ።

ዛሬ ከ10 ፍሬ ወደ 2 ወርደዋል። ገና ፈጽመው አልተዉም። በቀን 1 ፍሬ እንኳ ልብን እንደሚጎዳ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም «እሱንም እተወዋለሁ» ብለውኛል። ሰው ማጨስ ሲያቆም በ12 ሰዓት ውስጥ ያ የከሰል መርዝ ከደሙ ይጠራል። በ1 ዓመት ውስጥ በልብ በሽታ የመያዙ አደጋ ካጫሹ ግማሽ ይሆናል። ዘገየሁ የሚባል ነገር የለም።

እናንተም ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው።

1. ፊልተር የማይዘው መርዝ የትኛው ነው?
2. ከሰላጣ የተሠራ ሲጋራ ለምን አይጠቅምም?
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚያጨስ አለ? ይህን ጽሑፍ ለማን ታነቡለታላችሁ?

ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት።