«አንቱ የተባለ»፦ ዝናን ስለሚገልጹ ቅጽሎች



የንግግሬ መነሻ «ፕረስቲጂየስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። በትምህርት ዕድልና በሽልማት ማስታወቂያዎች ላይ ስናገኘው አንዴ «ታዋቂ»፣ አንዴ «አንጋፋ»፣ አንዴ «ስመ ጥር» እያልን እንተረጉመዋለን። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ታዋቂ ማለት የሚታወቅ ማለት ብቻ ነው፤ ሽፍታም ይታወቃል። አንጋፋነት የዕድሜ ቅድሚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንጋፋ የሚባለውም ስለዚህ ነው። ስመ ጥር ግን በበጎ ሲነሣ የሚኖር ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክ ያስገርማል። የላቲን ሥሩ የዓይን ማታለያን፣ የምትሃተኛን ጥበብ ያመለክታል። በ16ኛው ምእት ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ትርጉሙ «አታላይ» ነበር፤ የክብር መግለጫ ሆኖ የተለመደው በ20ኛው ምእት ዓመት ነው። ዛሬም ከሰው ይልቅ ለተቋም፣ ለሽልማትና ለማዕረግ ይቀጸላል፤ ዓይንን የመሳብ ትርጉሙም ፈጽሞ አልለቀቀውም።

አማርኛ ግን «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላል። በአዲስ አበባ ንግግር «እርስዎ» የ«አንቱ»ን ቦታ ቢይዝም፣ ይህ አነጋገር ጸንቶ ኖሯል። ግሱን እናስተውል፤ «የተባለ» እንጂ «ያለ» አይደለም። ማንም ራሱን አንቱ አይልም፤ ክብሩን የሚሰጠው ሌላው ነው።

ይህ ሰዋስው በገበያም ይሠራል። ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው በሾላ ገበያ ቅቤ የሚሸምት ሰው ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት ይሠጋል። ስለዚህ አሽትቶ፣ ቀምሶ ይገዛል፤ ካልተታለለ ተመልሶ ይመጣል፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። የነጋዴዋ ስም የሚወጣው በዚህ ምልልስ ነው። «ደንበኛ» የሚለው ቃላችን ዘወትር የሚመላለሰውን ገዢም፣ ትክክለኛና እውነተኛ የሆነውንም ነገር መግለጹ ልብ ሊባል ይገባዋል።

እንግዲህ የትርጉም ምርጫችን የዕውቀት ኃላፊነት አለበት። አንድ ኮሌጅ ስለ ራሱ «ፕረስቲጂየስ ነኝ» ብሎ ሲጽፍ እኛ «ስመ ጥር» ብለን ብንመልሰው፣ ያልተመረመረን ምስክርነት በእኛ ቃል አጸናንለት ማለት ነው። ያንን አንብቦ የቤተሰቡን ጥሪትና የራሱን ዓመታት የሚከፍለው ተማሪ ነው። ስለዚህ ቅጽሉን ከመተርጎማችን በፊት «ማን አለው?» ብለን እንጠይቅ። ተናጋሪው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ፣ «ስመ ጥር ነኝ የሚል» ብሎ መጻፍ ለአንባቢው ታማኝ መሆን ነው።