ግዴታው ሰፊ፥ ከረጢቱ ጠባብ፤ ስለ ብሪታንያ የጦር ኃይል

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ ልነግራችሁ ያሰብኩት ታላቋ ብሪታንያ ስለምትከተለው የመከላከያ ፖለቲካና የጦር ኃይሏን ስለ ገጠመው ችግር ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንግሊዛዊ ወታደር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ከአርበኞቻችን ጋር አብሮ የዘመተው በዊንጌት የሚታዘዘው የጌዴዎን ጦር ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ 1951 ድረስ የብሪታንያ የጦር ሚሲዮን በአገራችን ተቀምጦ ሠራዊታችንን አሠልጥኗል። አባቶቻችን ያዩት እንግሊዝ ከሕንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጦር የሚያሰልፍ፥ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ በምድር፥ በባሕርና በአየር አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ያስታጠቀ መንግሥት ነበር። ዛሬስ? ሎንዶን ከተማ ውስጥ ዌምብሊ የሚባል ትልቅ የኳስ ሜዳ አለ፤ 90,000 ተመልካች ይይዛል። በ2025 የነበረው የብሪታንያ መደበኛ የምድር ጦር ከ70,000 እጅግም የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ከጄኔራሉ እስከ ምልምሉ ድረስ በሙሉ ቢገባበት ወንበር ይተርፋል።

ይህ መቀነስ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መነሻውን ለማግኘት ወደ 1956 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ብሪታንያና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ተስማምተው የሱዌዝን ቦይ ከግብፅ እጅ ለማስለቀቅ ጦር አዘመቱ። ጦራቸው በሜዳው አልተሸነፈም፤ ነገር ግን አሜሪካ ፊቷን ስላዞረችባቸውና የፓውንድ ስተርሊንግ ዋጋ ሊወድቅ ስለ ተቃረበ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ። ለእንግሊዞች ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ መድፍ እያለ ገንዘብ ከሌለ መድፉ አይተኮስም። በሚከተለው ዓመት የመከላከያ ሚኒስትሩ ደንከን ሳንዲስ ባወጡት መግለጫ የግዴታ ውትድርና እንዲቀር፥ 690,000 ያህል የነበረው የጦር ኃይል ወደ 375,000 እንዲወርድና የአገሪቱ መከታ በአቶሚክ መሣሪያ ላይ እንዲመሠረት ተወሰነ። የመጨረሻዎቹ የግዴታ ወታደሮች በ1963 ወደየቤታቸው ተሰናበቱ።

ከዚህም በኋላ በጥር 1968 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን፥ ፓውንድ ዋጋው ከተቀነሰ ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ከሱዌዝ በስተ ምሥራቅ ያለው የብሪታንያ ጦር እስከ 1971 መጨረሻ ድረስ እንዲወጣ መወሰኑን ለፓርላማው አስታወቁ። ለነጋዴዎቻችን በጣም የታወቀችው ኤደን እንኳ ከ1839 ጀምሮ ስትገዛ ቆይታ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ በኅዳር 1967፥ ተለቃ ነበር።

አሁን በበጀት ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮቻችን ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። በ1981 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆን ኖት ወጪ ለመቀነስ ባወጡት ዕቅድ የባሕር ኃይሉን የውሃ ላይ መርከቦች ለመቀነስ አሰቡ። «ኢንቪንሲብል» የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ ለአውስትራሊያ እንድትሸጥ፥ በደቡብ አትላንቲክ የምትጠብቀው «ኢንዱራንስ» የተባለች አንዲት መርከብም አገልግሎቷን እንድታቆም ተወሰነ። በወረቀት ላይ ሲታይ የኢንዱራንስ ወጪ ትንሽ ነበር፤ የባሕር ኃይል ሰዎች ግን መርከቧ ብትነሣ አርጀንቲና «እንግሊዝ ደሴቶቹን ትታቸዋለች» ብላ ትተረጉመዋለች ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር። የፈሩት አልቀረም። ሚያዝያ 2 ቀን 1982 የአርጀንቲና ጦር የፎክላንድ ደሴቶችን ያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ለሽያጭ የቀረበችው ኢንቪንሲብል ራሷ «ሄርሜስ» ከተባለችው ሌላ አውሮፕላን ተሸካሚ ጋር ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሥታ 8,000 ማይል ለሚርቀው ጦርነት ጉዞ ጀመረች። ሰኔ 14 ቀን አርጀንቲናውያን እጃቸውን ሰጡ። ከብሪታንያ ወገን 255፥ ከአርጀንቲና ወገን ደግሞ 649 ወታደሮች ሞቱ። ሽያጩም ተሰረዘ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ጥቂት ቁጠባ ያን ያህል ብዙ ያስከፈለበት ጊዜ በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ትምህርቱ ተዘነጋ። ቀዝቃዛው ጦርነት በ1990 ገደማ ሲያበቃ እንደ ሌሎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ብሪታንያም የሰላሙን ትርፍ ለመሰብሰብ ቸኮለች። በ2010 ደግሞ «አርክ ሮያል» የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚና ከመርከብ ላይ የሚነሡት ሃሪየር አውሮፕላኖች ባንድነት ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወሰነ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በመጋቢት 2011፥ በሊቢያ ጦርነት ተነሣ። ፈረንሳዮች «ሻርል ደ ጎል» ከተባለችው መርከባቸው ላይ ሲነሡ፥ የእንግሊዝ ቶርኔዶዎች ከገዛ አገራቸው ከኖርፎክ ተነሥተው፥ በአየር ላይ ነዳጅ እየቀዱ፥ ደርሶ መልስ 3,000 ማይል መብረር ግድ ሆነባቸው።

የተጓደለውን ለመሙላት እያንዳንዳቸው 65,000 ቶን የሚመዝኑ ሁለት ታላላቅ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ተሠሩ። «ንግሥት ኤልሳቤጥ» በ2017፥ «የዌልስ ልዑል» በ2019 ወደ አገልግሎት ገቡ፤ ወጪያቸውም ከስድስት ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። በነሐሴ 2022 የዌልስ ልዑል ወደ አሜሪካ ለመሄድ ከወደብ እንደ ወጣች የማዞሪያዋ ዘንግ መጋጠሚያ ተበላሽቶ ቆመች። በየካቲት 2024 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለቃል ኪዳን አገሮች ታላቅ ልምምድ ልትነሣ ስትል በዚያው በዘንጓ መጋጠሚያ ላይ ጉድለት ስለ ተገኘ እኅቷ በፈንታዋ ሄደች። መሣሪያ ይበላሻል፤ ይህ አያስገርምም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። እንዲህ ያለችው መርከብ ብቻዋን አትወጣም፤ በዙሪያዋ የሚጠብቋት ፍሪጌቶችና ዲስትሮየሮች ያስፈልጓታል። እነዚህ ደግሞ በ1990 ሃምሳ ያህል የነበሩት በ2025 ከሃያ በታች ወርደዋል፤ ከነዚያም ስንቶቹ ጥገና ላይ ናቸው።

ከውሃ በላይ ያለው ይህን ከመሰለ፥ ከውሃ በታች ያለው ደግሞ የሰውን ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ብሪታንያ ከ1969 ጀምሮ የኑክሌር ሮኬት የያዘች አንዲት ሰርጓጅ መርከብ በማንኛውም ሰዓት ከባሕር ሳታጣ ኖራለች። አሁን ይህን ዘብ የሚጠብቁት በስኮትላንድ ፋዝሌን ከተባለው ሰፈር የሚነሡት አራቱ የቫንጋርድ ዓይነት ሰርጓጆች ናቸው። አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን እንደ ያዘ በገዛ እጁ አራት ደብዳቤ ይጽፋል፤ መንግሥቱ በጠላት ምት ቢጠፋ አዛዡ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ይገልጽበታል፤ ደብዳቤዎቹም በአራቱ መርከቦች ሣጥን ውስጥ ይቈለፋሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣኑን ሲለቅ ሳይከፈቱ ይጠፋሉ።

መርከቦቹ ግን አርጅተዋል። የቫንጋርድ ጥገና ብቻ ከሰባት ዓመት በላይ ፈጅቷል። አንዲቱ በጥገና ላይ ስትቆይ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ስለሚወድቅ፥ ቀድሞ ሦስት ወር ያህል ይፈጅ የነበረው የአንድ ጊዜ ዘብ በቅርብ ዓመታት ከስድስት ወር በላይ ሆኗል። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ግማሽ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ ይኖራሉ። ከቤተ ሰብ ጥቂት ቃላት ያላት መልእክት አልፎ አልፎ ትደርሳቸዋለች፤ እነርሱ ግን የመርከቧ ቦታ እንዳይታወቅ መልስ አይልኩም። ሚስቱ ምን ብትጽፍለት፥ ልጁ ታመመ ብትለው እንኳ፥ አይዞሽ ሊላት አይችልም። በጥር 2024 ደግሞ ከፍሎሪዳ ጠረፍ ወዲያ የመከላከያ ሚኒስትሩ በተገኙበት የተተኮሰው ያልታጠቀ ሮኬት ሳይርቅ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሮኬቶቹም ቢሆኑ የሚገኙት ከአሜሪካ ነው፤ የሚታደሱትም እዚያው በጆርጂያ ነው። አዲሶቹ «ድሬድኖት» የተባሉት ሰርጓጆች በ2030ዎቹ መጀመሪያ ይደርሳሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ለሥራቸውም 31 ቢሊዮን ፓውንድ፥ ለመጠባበቂያም ሌላ 10 ቢሊዮን ተመድቧል።

ብዙ ሰው ስለ መርከብና ስለ ሮኬት ሲከራከር፥ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ችግር የወታደሩ መኖሪያ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1996 መንግሥት ገንዘብ ለማግኘት ሲል ወታደሮች ከነቤተ ሰባቸው የሚኖሩባቸውን 57,400 ቤቶች ለአንድ የግል ኩባንያ በ1.66 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ወዲያውም እነዚያኑ ቤቶች ለ200 ዓመት መልሶ ተከራየ፤ የማደሱንም ግዴታ በራሱ ላይ አስቀረ። ቤቱን የሸጠ ሰው በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆኖ፥ ጣራውንም ራሱ እየጠገነ፥ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። የቤት ዋጋ በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ ሲወጣ ትርፉ የኩባንያው ሆነ። በሀገራችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለዚህ ነው። በጥር 2025 መንግሥት ከነዚሁ ቤቶች 36,000 ያህሉን መልሶ ሲገዛ ወደ ስድስት ቢሊዮን ፓውንድ ከፈለ።

እስከዚያ ድረስ ቤቶቹ እርጥበት ገብቷቸው ግድግዳቸው ሻግቶ ነበር። በ2022 የብርድ ወራት ማሞቂያቸው ተበላሽቶ ጠጋኝ ሲጠብቁ የሰነበቱ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ባል በሩቅ አገር ዘብ ቆሞ ሚስት በቀዝቃዛ ቤት ከልጆቿ ጋር ከተቀመጠች፥ ሰውየው በሠራዊቱ ውስጥ የሚቆየው ስንት ዓመት ነው? በ2024 ከሚቀጠሩት ይልቅ የሚለቁት በየወሩ በ300 ያህል ይበልጡ እንደ ነበር የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆን ሂሊ ተናግረዋል። ለመግባት የሚፈልገው ወጣትም ማመልከቻው ለወራት ሲጓተትበት ሌላ ሥራ ይዞ ይቀራል። መንግሥት በ2024 የወታደሮችን ደመወዝ በስድስት በመቶ ጨመረ፤ በ2025 መጨረሻ ገደማም ቤቶቹን ለማደስ በአሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ አስታወቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአውሮፓ ምሥራቅ ጦርነት ገባ። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ብሪታንያ ፈጥነው ከረዱት አንዷ ናት፤ በገዛ ምድሯም ከ50,000 በላይ ዩክሬናውያንን አሠልጥናለች። በ2023 14 ቻሌንጀር ታንኮችን ሰጠች፤ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱትን ከባድ መድፎቿንም ስለ ሰጠች ለጊዜው የሚተኩ 14 መድፎች ከስዊድን ገዛች። የተሰጠው መሣሪያ ዩክሬንን ጠቅሟል፤ የብሪታንያን ግምጃ ቤት ግን ባዶነቱን ገልጦታል። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ቤን ዋላስ ራሳቸው በጥር 2023 ሠራዊቱ ውስጡ መቦርቦሩን በፓርላማ ፊት አልሸሸጉም። ለምድር ጦሩ የታዘዙት 589 ኤጃክስ የተባሉ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች በ2017 ይደርሳሉ ተብለው ሳለ፥ በሙከራ ጊዜ ጩኸታቸውና ንዝረታቸው የወታደሮቹን ጆሮ ስለ ጎዳ ለዓመታት ዘገዩ። ዋጋቸው 5.5 ቢሊዮን ፓውንድ ነው።

በቀይ ባሕርም የታየው ከዚህ አይለይም፤ ይህ ባሕር ደግሞ የእኛ ደጃፍ ነው። በታኅሣሥ 2023ና በጥር 2024 «ዳይመንድ» የተባለችው የእንግሊዝ ዲስትሮየር የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ የሚሰዷቸውን ሰው አልባ አውሮፕላኖች መትታ ጥላለች። ሥራዋ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ርካሹን አውሮፕላን የምትጥልበት አንዱ ሮኬት ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣል። ከሱዌዝ በስተ ምሥራቅ እንወጣለን ከተባለ ከ56 ዓመት በኋላ ደግሞ ከኤደን ጥቂት ራቅ ብላ እንደ ገና ዘብ መቆሟን ልብ ይሏል።

በሰኔ 2025 በሎርድ ጆርጅ ሮበርትሰን፥ በጄኔራል ሪቻርድ ባሮንስና በፊዮና ሂል የተዘጋጀው የመከላከያ ጥናት ወጣ። ስድሳ ሁለቱንም ምክሮች መንግሥት ተቀበለ፤ እስከ 12 አዲስ አጥቂ ሰርጓጆች፥ ቢያንስ ስድስት የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካዎች፥ 7,000 ረጅም ርቀት የሚመቱ መሣሪያዎች እንዲሠሩ ተባለ። ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል? ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በየካቲት 2025 የመከላከያው ወጪ በ2027 ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.5 በመቶ እንደሚደርስ ሲያስታውቁ፥ የሚከፈለው ለውጭ አገር ከሚሰጠው ዕርዳታ ተቀንሶ መሆኑን ጨምረው ተናገሩ፤ ዕርዳታው ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል። የዕርዳታው ጉዳይ ሚኒስትር አኔሊዝ ዶድስ በዚሁ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አገራችን ከብሪታንያ ብዙ ዕርዳታ ከሚያገኙት አገሮች አንዷ ሆና ስለ ቆየች፥ በሎንዶን የተቈረጠው ሒሳብ እኛም ዘንድ በክሊኒክና በእህል መጋዘን መታየቱ አይቀርም። የሩሲያን ስጋት የሚያዩ እንግሊዞች በዚህ ሊወቀሱ አይገባም የሚሉ አሉ፤ የተራበ አገር ሰላም እንደማይሆን የሚያስታውሱም አሉ። እኔ ሁለተኞቹን እደግፋለሁ።

በዚያው ሰኔ ወር በሄግ የተሰበሰቡት የቃል ኪዳን አገሮች እስከ 2035 ለመከላከያ 3.5 በመቶ፥ ለተዛማጅ ጉዳዮችም 1.5 በመቶ ለማውጣት ተስማሙ፤ ብሪታንያም ፈረመች። ይህ ሁሉ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ገንዘብ እንደሚፈጸም የሚዘረዝረው ዕቅድ በ2025 መጸው ይወጣል ተብሎ ነበር። መጸው አልፎ ብርዱ ገባ፤ ዓመቱም እስኪያልቅ ድረስ ዕቅዱ አልወጣም።

ለዛሬ ማታ የያዝኩት ይኸው ነው።