«አስወረዳት» እና «አስወረደች»

 

ዛሬ የምናነሣው ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነው፤ ፅንስ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ ሲጨነግፍ። ለምን እኛ ወጣቶች? ኩፓት ሆሊም ሄደን ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን የምናስተረጉመው እኛው ስለሆንን ነው። «አስወረዳት» ሳትፈልግ የደረሰባት ነው፤ «አስወረደች» ግን ራሷ ያደረገችው። በዕብራይስጥ ደግሞ ለሁለቱም «ሀፓላ» ይባላል። እዚያ ላይ ካላስረዳን ጥፋቱ በሴትየዋ ላይ ይቀራል።

ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100 ከ10 እስከ 20 ያህሉ ይጨነግፋሉ፤ ግማሽ ያህሉ በፅንሱ ክሮሞዞም ችግር ነው። ዕቃ ስላነሣች ወይም ዓይን ስለበላት አይደለም። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደርስባቸው ከ100 ጥንዶች አንድ ያህሉ ናቸው።

በ1953 ፒተር ሜዳዋር የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት አንድ ጥያቄ አነሣ። ፅንስ ግማሹ ከአባቱ ነው። ከሌላ ሰው የተሰጠን ኩላሊት የሚገፋ ሰውነት ፅንሱን ለምን አይገፋም? መልሱ ገና አላለቀም። አንዱ ክፍል ግን ሳይቶካይን ነው፤ የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚላላኩባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች። ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርፌሮን ጋማ «ተነሡ!» ይላሉ፤ ኢንተርሉኪን 10 «ረጋ በሉ» ይላል። ደጋግሞ በሚጨነግፍባቸው አንዳንድ ሴቶች «ተነሡ» ባዮቹ በዝተው ተገኝተዋል።

ታዲያ ቁጣው ክፉ፣ እርጋታው ደግ ነው ማለት ነው? ድሮ እንዲያ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ፅንሱ ማኅፀን ላይ ሲጣበቅ ትንሽ ቁጣ የግድ ያስፈልገዋል። ማኅፀን ውስጥ ያሉት «ገዳይ» የሚባሉት ሴሎችም ለእንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች በማስፋት ያግዛሉ። ስም አወጣጡ ነው እንጂ የሚያሳስተው!

ስለዚህ «የእናትየው ደም ልጁን ጠላው» የሚለውን ወሬ አንቀበልም። ለሕክምናውም ጥንቃቄ ይኑረን። የባልን ነጭ የደም ሴል ለሚስት መውጋት በ1999 በወጣ ጥናት ተፈትኖ አልጠቀመም። የደም ሳይቶካይን መለካትም ማኅፀን ውስጥ ያለውን በትክክል አያሳይም፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

መጠየቅ ያለበት ግን አለ፤ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው ችግር። ደም እንዲረጋ የሚያደርግ የመከላከያ ስሕተት ነው፤ ሐኪም የሚያዘው አስፒሪንና ሄፓሪን ብዙዎችን ረድቷል። የደም ምርመራው ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። እናስተረጉም የምንል ልጆች፣ የሁለተኛውን ቀጠሮ ቀን ያኔውኑ እናስጽፍ።