ስማችሁን ለማንም አታውሱ

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለ ሀብት ምዝገባ ጥቂት ልበላችሁ። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተመራጮች፣ ተሿሚዎችና በሕጉ የተለዩ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያስመዘግባሉ፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሳሉ። ይኼ በወረቀት ሲሆን ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። በኮምፒውተር ሲሞላ ግን የዘንድሮውን ካቻምና ከተሞላው ጋር ማስተያየት ይቀላል።

ታዲያ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ያልተነገረው ቤት በማን ስም ይሆናል? በእኛ ስም ሊሆን ይችላል እኮ! «እህቴ ከዓረብ አገር የላከችልኝ ነው» ብሎ ማሳበብ ቀላል ነው። ሥልጣን ያለው ዘመድ «በስምሽ ልግዛ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ነገ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝም አስቀምጡ፤ ለላባችሁ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው።