ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር፦ የቤታችን ስሌት

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከቡናው በኋላ «ልትሄዱ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁን «እያሰብንበት ነው» ብለን ነበር። አሁን ወስነናል። ሊቀመንበራችን ግን «ውሳኔውን ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደደረሳችሁበት ንገሩን» ስላሉን ይኸው ቆመናል። ከመካከላችን ባሏ ሌላ ከተማ የሚሠራ ብዙ እኅት ስላለች ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም።

የልጆቹ አባት መሥሪያ ቤቱ ወደ ባሕር ዳር ካዛወረው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሦስተኛውን በኅዳር እንጠብቃለን። ከዚህ እስከ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዓርብ ማታ ይደርሳል፣ እሑድ ይመለሳል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ እናንተው ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ አምስት ሳምንት ሙሉ ሳንተያይ ቆየን። በስድስተኛው ሳምንት በሩን ሲያንኳኳ ትንሿ ልጅ እንግዳ መስሏት ቀሚሳችን ሥር ተደበቀች። እሱ ምንም አላለም፤ ጫማውን እያወለቀ ብዙ ቆየ። ውይይታችን የተጀመረው በዚያ ማታ ነው።

ሙያችን ሒሳብ ነውና ደብተር አውጥተን ሦስት ዓምድ አሰመርን፦ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ።

አዲስ አበባን የጨመርነው እኅታችን እዚያ ስላለችና ለሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ይገኛል ስለሚባል ነው። ዓምዱ ግን በአንድ ማታ ተዘጋ። ለኪራይ ብቻ ከአንዳችን ደመወዝ የሚበልጥ ይወጣል፤ ከዚያ የታክሲው፣ የልጅ ጠባቂዋ አለ። ከዚህ 300 ኪሎ ሜትር ርቀን፣ በመካከሉ የዓባይን በረሃ አስቀምጠን፣ እሱ ደግሞ ባሕር ዳር ቀርቶ፣ ምኑን ተሰባሰብነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ አንድ አጎታችን «የት እንደሚኖሩ የሚወስነው እሱ ነው፤ እናንተ ምን አደከማችሁ?» ብለው ነበር። በክፋት አይደለም፤ የኖሩበት ሕግ እንደዚያ ይል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ለእሱ ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን መኖሪያቸውን ባልና ሚስት ተስማምተው እንዲመርጡ አደረገ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ለአጎታችን ይህን ስንነግራቸው «ሕጉ እንኳ ተለውጧል በሉኛ!» ብለው ሳቁና ቡናቸውን ጠጡ።

ደግሞስ ከተማ በመምረጥ ሴት ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነችው? እንጦጦ ለምሽግ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ማገዶም የሚቸግርበት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባም በተራዋ ማገዶ ጠፍቶባት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ መዲናዋ ዛሬ ሌላ ቦታ በሆነች። የነገሥታቱ ከተማ እንኳ በውሃና በማገዶ ከተመረጠ፣ እኛም ስለ ውሃ፣ ስለ ከሰልና ስለ ጤፍ ስናሰላ ማፈር የለብንም።

ወደ ደብተራችን እንመለስ። ባሕር ዳርን ሁለት ጊዜ ሄደን አየን። ከተማዋ ታምራለች፤ ጣናውና ዘንባባው ልጆቹን አስደስቷቸዋል። ቤት ፍለጋው ግን አያስደስትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ክፍል ትፈልጋላችሁ?» ሳይሆን «ልጅ ስንት አላችሁ?» ነው። ሁለት ስንል ዓይናቸው ወደ ሆዳችን ይወርዳል። አንድ አከራይ «ሕፃን ያለቅሳል፣ ውሃ ይበዛል» ብለው በሩን ዘጉብን። ሌላው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ይህን ብንጠቅስ ደላላው «እንግዲያው ከአዋጁ ተከራዩ» አለን። በመጨረሻ የሁለት ወር የተቀበሉን አንዲት እናት ተገኙ፤ ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በወር 7,500 ብር። እዚህ የምንከፍለው 4,000 ነው። ልዩነቱ በዓመት 42,000 ብር ይሆናል። በሌላ በኩል የልጆቹ አባት እዚያ ለብቻው የሚከራየው ክፍል 2,800፣ ለምላሽ ጉዞና ለምግብ የሚያወጣው በወር ከ3,000 ያላነሰ ነው። እሱ ሲቀር ስሌቱ ይገለበጣል። ሁለት ቤት ማስተዳደር ምን ያህል እንደሚበላ ያወቅነው ጎን ለጎን ጽፈን ስናየው ነው። ባሎቻችሁ ውጭ የሚሠሩ እኅቶች ይህን አንድ ስሌት እንኳ ዛሬ ማታ ሥሩት።

ከኪራዩ ይልቅ እንቅልፍ የነሣን ወባ ነው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ያህል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር በአብዛኛው ወባማ ተብሎ ይቆጠራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሲይዝማ ይከፋል፤ የእኛ መውለጃ ወር ደግሞ ልክ በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ጤና ባለሙያ አማክረን አጎበር በየአልጋው እንዲሆን፣ ግቢው አጠገብ ያቆረ ውሃ መኖር አለመኖሩን እንድናይ፣ ትኩሳት ከታየ ሳናድር በዚያው ቀን እንድንመረመር ተነገረን። ቤት ስንመርጥም በረንዳውን ትተን ቦዩን እያየን ዞርን። ደላላው በጣም ተገርሟል።

ደብተሩ ውስጥ ያልገባውን አሁን እንናገር። ሥራ ስንገባ ልጆቹን የሚይዙልን እናታችን ናቸው። ለእሳቸው በየትኛው ዓምድ ስንት ብር ይጻፋል? በዓመት አንድ ጊዜ ከእነማይ የሚመጣልን ጤፍስ? ባለፈው ዓመት ታመን ስንተኛ አጥሚቱን ይዛችሁ በተራ የገባችሁት እናንተስ? ዕድሩ የቀብር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ልንለቅ ስንል ነው ምን እንደሆነ የገባን። ባሕር ዳር ስንገባ ለአዲስ ዕድር መመዝገቢያ እንከፍላለን፤ ሰዎቹን ግን በመመዝገቢያ አንገዛቸውም። እናታችንን አብረውን እንዲሄዱ ለምነናቸዋል። «ቤተ ክርስቲያኔን፣ ጎረቤቶቼን ትቼ ቆላ ወርጄ ልሙት?» አሉ። ለአራስነቱ መጥተው ሁለት ወር ሊቆዩ ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ በላይ አልገፋናቸውም። ይህ ነገር ገና ያመናል።

በእኛ በኩል ደግሞ ሥራ እንለቃለን። ዘጠኝ ዓመት የሠራንበት ነው። ባሕር ዳር የሚጠብቀን ቦታ የለም። ጡረታ የተከፈለበት ዘመን ሌላ መሥሪያ ቤት ስንገባ እንደሚቆጠርልን አረጋግጠናል፤ የአገልግሎት ማስረጃውንም አስጽፈን ይዘናል። ሥራ ሳይገኝ ስምንት ወር ቢያልፍ እንዴት እንደምንኖር አስልተናል። ይቻላል፤ ጠባብ ነው። በዚህ ጊዜ የራሳችን ገቢ እንደማይኖረን ከልጆቹ አባት ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረን፣ ደመወዙ በሁለታችን ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ ተስማምተናል። ይህን ማለት ከሁሉ ይልቅ ከብዶን ነበር፤ እሱ ግን «ቀድሞውኑ እንዲያ መሆን ነበረበት» አለ።

እዚህ በማኅበር ያገኘናትን የቤት መሥሪያ ቦታም አንሸጥም። የጋራ ንብረት ስለሆነች ያለ ሁለታችን ስምምነት አትሸጥም፤ ሁለታችንም ደግሞ አልፈለግንም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ ለምን ትሄዳላችሁ ትሉ ይሆናል። አብረን ለማደር ነው። በሦስቱም ዓምዶች ሌላው ሁሉ ሲደመርና ሲቀነስ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ልጅቷ አባቷን ያላወቀችበት ማታ ግን በአንደኛው ዓምድ ብቻ ነው የተመዘገበው። መንገዱ በየጊዜው የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ እንወስን ነበር። ሌላ ቤት ሌላ ይወስናል፤ ቀርታችሁ ብትጠብቁም ስህተት ነው አንልም።

ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ እንነሣለን። ከቀበሌው መሸኛውን፣ ከትምህርት ቤቱ ዝውውሩን፣ ከጤና ጣቢያው የክትባት ካርዱንና የእርግዝና ክትትሉን ቀድመን እናወጣለን። መሸኛ ሳይዙ ሄደው ለመታወቂያ ወራት የተጉላሉ ሰዎች ስላየን ነው።

ለማኅበራችን የቀረ ጉዳይ አለን። የቁጠባ ድርሻችንን አናወጣም፤ አባልነታችን በዝቅተኛው መዋጮ እንዲቀጥል እንጠይቃለን፤ በደንቡ መሠረት ድምፅ ስጡበት። የወሰድነው ብድር 6,200 ብር ቀርቷል፤ ከመሄዳችን በፊት እንዘጋዋለን። የሒሳብ መዝገቡን ሰኔ 30 እንዘጋና ለተተኪዋ እናስረክባለን። ደረሰኞቹን፣ የባንክ ደብተሩንና የሳጥኑን ጥሬ ገንዘብ ከእኛ ጋር የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች ዛሬ ይመረጡልን፤ አንዷ ብድር የሌለባት ብትሆን ይመረጣል።