የዝገት ምክንያት፦ ሞዴልን በዘይት ቀለም ስለማስረጀት

(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ክፍሉ ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ጥቂት እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ሞዴል ቀለም ማውራት ለልጆች መጫወቻ ጉባኤ እንደ መጥራት እንዳይቈጠርብኝ ሠግቼ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ሳሰላስለው፣ ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት መጫወቻውን ብቻ ሳይሆን እኛ ነድፈን የምናሠራውን ሕንፃና ድልድይ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ግብዣውን ተቀበልሁ።

በልኬት የተሠራ ሞዴል ተገጣጥሞ ቀለም ሲቀባ ገና ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚኖር ዕቃ የለም። ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች፤ ዝናም ያጥበዋል፤ አቧራ ይለብሳል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የሰው እጅና እግር የሚመላለስበት ቦታ ይላጣል። ይህን ሁሉ በትንሹ አካል ላይ በቀለም ማሳየትን «ማስረጀት» ብንለው ያስኬዳል። ጥበቡ በሰፊው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን በ1980 ያሳተመው የዳዮራማ አሠራር መጽሐፍና የቤልጅጉ ፍራንሷ ቬርሊንደን ሥራዎች ለብዙ ሰው በር ከፍተዋል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሥራ ዘንድ እጅግ የተለመደው 1፡35 የተባለው ልኬት ከስሌት የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የፓንተር ታንክን ሞዴል ሲያወጣ ሞተርና ባትሪ በሆዱ እንዲገባለት የመረጠው መጠን ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። በመካከላችን ያሉ የደረጃ ምደባ ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ማዘናቸው አይቀርም።

አንድ መሐንዲስ ወዲያውኑ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ሞዴሉን ከብረት ሠርተን ደጅ ብናሳድረው ራሱ አይዝግምን? ይዝጋል፤ ነገር ግን አይመስልም። ርዝመት ለ35 ሲካፈል የተፈጥሮ ሕግ አብሮ አይካፈልም። የውሃ ጠብታ መጠን የሚወሰነው በገጽ ውጥረትና በክብደት ስለሆነ፣ በሞዴል ላይ የሚያርፈው ጠብታ በእውነተኛው ብረት ላይ ከሚያርፈው አያንስም። 4 ሚሊሜትር የሆነ ጠብታ በ1፡35 ሞዴል ላይ የ14 ሳንቲሜትር ኳስ ይሆናል። የዝገቱም ቅንጣት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ተፈጥሮ በትንሹ የማትሠራውን እጅ ሊሠራው ይገባል።

የዘይት ቀለም ስል የበርና የግድግዳ መቀቢያውን ሳይሆን ሠዓሊዎች ከቱቦ እየጨመቁ የሚሠሩበትን ማለቴ ነው። ይህ ቀለም በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው በመተሳሰር ይጠነክራል እንጂ። ይህም ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈጃል። በሌላ ሥራ ጉድለት የሚባለው ዝግመት እዚህ ዋናው ጥቅም ነው፤ ያኖሩትን ቀለም ከሰዓታት በኋላ መሳብ፣ ማለስለስ፣ ጨርሶም ማንሣት ይቻላልና። በደቂቃዎች የሚደርቀው አክሪሊክ ሐሳብ ለመለወጥ ፋታ አይሰጥም። ደግሞም ሲዬናና አምበር የተባሉት የአፈር ቀለሞች መልካቸውን ያገኙት ከብረት ኦክሳይድ ስለሆነ፣ ዝገትን የምንቀባው በራሱ ወገን ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ሞዴሉ አስቀድሞ በአክሪሊክ ይቀባል፤ ሲደርቅም ማቅጠኛው የታችኛውን ቀለም እንዳይነካው ቫርኒሽ ይደረብበታል። የዘይቱን ቀለም ካርቶን ላይ ጥቂት ማሳረፍ ይበጃል፤ ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ስለሚመጥ ቀለሙ ሲደርቅ አያብረቀርቅም። ከዚያ ጥቂት ቀለም በብዙ ዋይት ስፒሪት ይቀጥንና በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የሪቬቱ ሥር ይነካል። ፈሳሹ በካፒላሪ ኀይል ራሱ ሪቬቱን ይዞረዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ መሐንዲስ ፈገግ ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ቀጥሎ የነጭ፣ የቢጫና የቡናማ ጥቃቅን ነጥቦች በገጹ ላይ ተበትነው፣ ረጥቦ በተጠረገ ሰፊ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጎተታሉ። አቅጣጫው ምንጊዜም የመሬት ስበት አቅጣጫ ነው። መስኮት ክፈቱ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

እጅ የሚማረው ይህን ያህል ነው፤ በጥቂት ቅዳሜዎች ይለመዳል። አስቸጋሪው የዐይን ትምህርት ነው። ጀማሪ ዝገቱን ባሰኘው ቦታ ይረጨዋል፤ ሞዴሉም ያረጀ ሳይሆን የቈሸሸ ይመስላል።

እኔ የያዝሁትን ምሳሌ ልውሰድ። የቀድሞው የኢትዮ ጂቡቲ ምድር ባቡር ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ፣ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሥመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ደግሞ በ2016 ተመርቋል። በአሮጌው መሥመር ይመላለስ የነበረ አንድ የዕቃ ፉርጎ የባሕር ጨው፣ የቈላ አቧራና የደጋ ዝናም በአንድ ጉዞ ይቀበል ነበር። እንዲህ ባለ ፉርጎ ላይ ዝገት የሚጀምረው ወዴት ነው? ውሃ ወዲያው በሚንሸራተትበት በሰፊው ላሜራ መካከል አይደለም። ውሃ በሚያድርበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ስንጥቅ፣ ከበሩ ሐዲድ በታች፣ መቀርቀሪያው እየፋቀ ቀለሙን በላጠበት ላይ። ከዚያ የሚወርደው መሥመር ከምንጩ ደማቅ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ስፋቱም በልክ መሆን አለበት፤ 1 ሚሊሜትር ብትስሉ በእውነተኛው ላይ 3.5 ሳንቲሜትር ነውና ብዙ ጊዜ ከ0.3 ሚሊሜትር ማለፍ አይገባም። ብሩሹ ከመነሣቱ በፊት «ውሃው ከየት መጣ? የት ቆመ? በየት ወጣ?» ተብሎ ካልተጠየቀ የሚቀባው ዝገት ሐሰት ነው።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሥራ ጠረጴዛችን ላይ ሲነሡ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ለአሠሪ የምናቀርበው ሞዴል ሁሉ ነጭ፣ ንጹሕና ዝናም ያልነካው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስትራክቸሩን ሥራ የያዝሁለት አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። በ1፡50 የተሠራው ሞዴል ሁለት ቅጂ ስለነበረው ትርፉን ለምኜ ወሰድሁና ዐሥር ክረምት ያሳለፈ አድርጌ በዘይት ቀለም አስረጀሁት። የመስኮቶቹ ደፍ ከግድግዳው እኩል ያለቀ፣ ከሥሩም የውሃ ማንጠባጠቢያ ቦይ የሌለው ነበር። በደፉ ላይ የተከማቸው አቧራ ከዝናሙ ጋር በሁለቱ ጫፎች መውረዱ የግድ ስለሆነ፣ ከየመስኮቱ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር የእንባ መሥመር ሳልሁ። አርባ መስኮት፣ ሰማንያ እንባ።

የሕንፃው ባለቤት ባዩት ጊዜ «ገና መሠረቱ ሳይቈፈር አስረጃችሁብኝ!» አሉ፤ ሞዴሉም ከፊታቸው እንዲነሣ አዘዙ። አርክቴክቱ ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ግን ደፉን 5 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከሥሩ ቦይ የጨመረበትን ንድፍ ይዞ መጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ ለመንገዱ ፊት ተፈቀደ፤ ለጀርባው በወጪ ምክንያት ቀረ። ሕንፃው ዛሬ ሁለት ክረምት አሳልፏል። በጀርባ በኩል ዞሮ ላየ ሰው በሞዴሉ ላይ የነበረውን እንባ በየቦታው ያገኘዋል፤ የፊቱ ግድግዳ ንጹሕ ነው።

አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ባልደረባችን ይህን ስነግራቸው፣ «ይህ በዝርዝር ንድፍ ማጣራት የሚያዝ ነገር ነው፤ ቀለም አያስፈልገውም» ብለውኛል። እውነት አላቸው። ነገር ግን ያ ንድፍ በሦስት ሰዎች እጅ አልፎ ፊርማ አርፎበት ነበር። የተቈረጠ ሥዕል የሚያነብ እኛ ነን፤ እንባውን ግን ገንዘብ የሚያወጣውም ሰው ያየዋል፤ መቈጣቱም ማየቱን ያመለክታል። ስለዚህ በየሥራ ክፍላችን ለትልልቅ ሥራዎች ሁለት ሞዴል እንዲዘጋጅ አሳስባለሁ፤ አንዱ የምረቃው ዕለት፣ ሁለተኛው ከዐሥር ክረምት በኋላ። ወጪው ጥቂት የቀለም ቱቦና የአንድ ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። አሸንዳው፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ የድልድዩ መጋጠሚያ ሁሉ እንደ መስኮቱ ደፍ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ፉርጎውን ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቀኙ ጎን ካለቀ ወር ሆኖታል፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ልትመረምሩት ትችላላችሁ። የግራውን የሠራሁት ግን ከትናንት በስቲያ ስለሆነ ገና አልደረቀምና እባካችሁ አትንኩት።